የእሑድ ሹክሹክታ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ቧንቧ ሠራተኛው ቤት ይሰበሰባል። ድሮ ከመድረክ ላይ የተቀረጹ ሙዚቃዊ ኮሜዲዎች አሉት፤ ሰው እየዘፈነ የሚወድቅባቸው፣ እየወደቀም የሚዘፍንባቸው። እነሱን ያያሉ።

ቧንቧ ሠራተኛው ብልህ ሰው ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ጆሮውን ለጥፎ ያገኛል። ታዲያ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ መርፌ፣ ከእናቱ ጎን ተቀምጠው የሚያደርጉት ሊያመልጠው ነው?

ጋሽ መርፌ እናቱን ክንዳቸውን ይዘው ከጓዳ ያመጧቸዋል። ከዚያ ጆሯቸው ሥር ይሸጎጣሉ። ትርኢቱ እስኪያልቅ ያንሾካሹካሉ። እናቱ የሚስቁት ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው።

«ጋሽ መርፌ የራሳቸውን ቀልድ ነው የሚነግሯቸው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «እንጀራ አባት ሊመጣልህ ነው። ምን አለበት፣ ሱሪህን በነፃ ያሳጥሩልሃል።»

ቤቱ የእናቱ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ከልቡ የሚወዳቸው ሁለት ነገሮች ቢኖሩ እናቱና ቤቱ ናቸው። እንቅልፍ አጣ።

«እማዬ፣ ጋሽ መርፌ ምንድነው የሚሉሽ?»

«ወግ ነዋ» አሉ እናቱ ፊታቸውን አዙረው።

«የምን ወግ?»

«ላንተ የማይሆን።»

ፊት ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ብልህ ሰው አይጠፋውም። በማግስቱ ሽማግሌውን ደጃቸው ላይ ያዛቸው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ባይመጡ።»

«እሳቸው ናቸው ያሉህ?»

«እኔ ነኝ። እናቴ ልጅ አላት፤ የጎደለባት ነገር የለም።»

«የሴት ምስጢር አላወጣም» አሉ ጋሽ መርፌ፤ በሩንም ዘጉ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

እሑድ ሲመጣ፣ ለጋሽ መርፌ ወንበር የሚተርፍ ቦታ እንዳይኖር ቤቱን ገለባበጠው። ቴሌቪዥኑን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛወረ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ግን ገመዱ አልደርስ ብሎ እዚያው የድሮው ግድግዳ ላይ ቀረ። እናቱን ራሱ ደግፎ አምጥቶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው።

መድረኩ ላይ ሙሽራው ዳንኪራ ሲረግጥ ድምፁ እንደ ፍየል ሰለለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዛሬ እናቱም ከሰው እኩል ሳቁ።

«አየሽ» አላት ዳቦ ጋጋሪዋን፣ ደረቱን ነፍቶ። «የሚያንሾካሹክባት ሲጠፋ እንዴት ደስ ብሏት እንደምታይ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እናቱን በአገጯ አመለከተችው። እናቱ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ድምፅ ማጉያው ብቻ ወደቀረበት ግድግዳ ዞረው እንዳፈጠጡ ይስቁ ነበር።