የበሬ አጥንት በሁዳዴ

ዶክተር ማክዳ ነጩን ዱቄት ይዛ ስትጠጋ እትዬ የሺዓለም አፋቸውን ገጠሙ።

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከበሬ አጥንት ነው፣ እትዬ። መንጋጋዎ ስለሳሳ የሚተከለውን ጥርስ አይሸከምም። መጀመሪያ በዚህ እንሙላው።»

«በሁዳዴ? የበሬ አጥንት አፌ ውስጥ?» አንድም ሁዳዴ ገድፈው የማያውቁት አሮጊት ከወንበሩ ሳይነሱ ለንስሐ አባታቸው ደወሉ፤ ማክዳም እንድትሰማ ስፒከሩን ከፈቱት።

አባ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የጊዮርጊስ ደወል በመስኮቱም በስልኩም ተሰማ።

«መድኃኒት አያስገድፍም፣ ልጄ» አሉ።

እትዬ የሺዓለም ተንፈስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ስልኩ ግን አልተዘጋም ነበር።

«እስቲ ሐኪሟን ጠይቂልኝ» አሉ አባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለእኔስ ይሆናል? ስቀድስ ቃሉ በባዶ ድዴ እየሾለከ እያመለጠኝ ነው።»