የተጨፈነ ዓይን መክፈት

«ሰላም ሰላም ወዳጆቼ! ዛሬ ደግሞ የተጨፈነ ዓይን እንዴት እንደምንከፍት እናያለን!» ይላል ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ። ለአራተኛ ጊዜ ነው እንዲህ የሚለኝ። አራቱንም ጊዜ ደስ ብሎታል።

ላፕቶፑ የጎረቤት ነው። መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሰውዬውን በቀኝ፣ የእህቴን ፎቶ በግራ ከፍቻለሁ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። በየደቂቃው አንድ ሰው በሩን ገፋ ያደርግና «አይ፣ አይ፣ ሥሪ» ብሎ መልሶ ይዘጋዋል።

እህቴ ነገ ጠዋት ትቀበራለች። ለቀብሩ የሚያዘውን ፎቶዋን ፎቶ ቤቱ አትሞ የሚያደርስልን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከላክንለት ብቻ ነው። አሁን አሥር ሰዓት አልፏል።

ፎቶዎቿ ሁሉ ስልኳ ውስጥ ናቸው፤ የስልኩን መክፈቻ የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች። ልደቷን ሞከርኩ፣ ልደቴን ሞከርኩ፣ በመጨረሻ ስልኩ ጭራሽ ተቆለፈ። መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ገና ልጅ ሳለች የተነሳችው ነው፤ ግማሽ ፊቷን ማኅተም በልቶታል። ያለን አንድ ፎቶ ነው፤ ፀጉር ቤት አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ናት የላከችልን። ማበጠሪያ ይዛ፣ ወደ ግራ ዞር ብላ፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ዓይኗን ጨፍናለች።

እናቴ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችን። «በገዛ እጄ ነው ዓይኗን የከደንኩላት። ሁለተኛ ጨፍና እንዳታሳዩኝ።»

አጎቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ይገባል። «አንቺ ልጅ፣ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ እየጠበቀ ነው። ለምን እዚያው እነሱ አይሠሩትም?»

«የምታስተካክለዋ ሠራተኛ ዛሬ የለችም ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ለነገሩ ብያለሁ» ይልና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላል።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የተከፈተውን ዓይን ከዚያው ሰው ሌላ ፎቶ ላይ እንድወስድ ይነግረኛል። «ቀላል ነው ወዳጆቼ!» ሌላ ፎቶ የለኝም። ግን እኔንና እሷን ሰው ሁሉ ያምታታል፤ ፀጉር ቤቷ ብቅ ካልኩ ደንበኞቿ ቀጠሮ የሚይዙት ከእኔ ነበር። የራሴን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ላይ ፊት ለፊት ነው የማየው፤ አንዱም ከእሷ አዟዟር ጋር አይገጥምም።

ስልኬን ለአጎቴ እሰጠዋለሁ። ወደ ግራ ዞር እላለሁ።

«ፈገግ በይ እንጂ» ይለኛል። «እሷ እየሳቀች ነው።»

ፈገግ እላለሁ። ያነሳኛል።

ዓይኖቼን በማውዝ ዙሪያቸውን እቆርጣቸዋለሁ። ማውዙ ስለሚያመልጠኝ ግማሽ ቅንድቤ አብሮ ይመጣል። ሰውዬው እንዳለው ፎቶዋ ላይ ስለጥፋቸው ሄደው ግንባሯ ላይ ያርፋሉ፤ ትልልቅ፣ እንደ ጉጉት። አጎቴ ሳያስበው በሳቅ ይፈነዳል።

«ወይ አንቺ! እሷ ብታይሽ እኮ በሳቅ ነበር የምትሞተው!»

ከዚያ አፉን በእጁ ይይዛል።  የቪዲዮው ሰውዬ ማውራቱን ቀጥሏል።

አሳንሳቸዋለሁ። አወርዳቸዋለሁ። ትንሽ አዞራቸዋለሁ። «ጠርዙን አለስልሱት» ይላል፤ አለሰልሳለሁ። የቆዳዋን ቀለም ከቆዳዬ ጋር አመሳስላለሁ፤ አንዴ ስሳሳት አረንጓዴ ትሆንብኛለች፣ እመልሳታለሁ። የዓይኖቼ ነጭ ግን ደም መስሏል። ለቀላ ዓይን ለብቻው ሌላ ቪዲዮ አለው። እሱንም አይቼ ዓይኑን አነጣለሁ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዓይኗ ይከፈታል።

መጀመሪያ አላምንም። ጠጋ እላለሁ፣ ራቅ እላለሁ። መጋጠሚያው የት እንደሆነ ለእኔም ጠፍቶኛል። «አቤት!» ይላል አጎቴ በቀስታ፤ ተነስቶም እናቴን ሊጠራ ይሄዳል።

እናቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ትገባለች። አጎቴ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ ያስቀምጧትና ይወጣሉ። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደርግላታለሁ። ታየዋለች። ብዙ ታየዋለች።

«ምን ሆና ነው?» ትላለች።

«ምኗ፣ እማ?»

«ልጄ ምን ሆና ነው ያለቀሰችው?»

«ኧረ አላለቀሰችም!» ይላል አጎቴ። «እየሳቀች እኮ ነው፣ እስቲ አፏን እዪው።»

«አፏን ተወው» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ ብርሃኑን እጨምራለሁ። ያው ናት። የዓይኗን ቆብ ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፤ ጭራሽ የደነገጠች ትመስላለች። እመልሰዋለሁ። ቪዲዮዎቹን ወደ ታች እስባለሁ፤ ለጠባሳ አለ፣ ለብጉር አለ፣ ለላብ አለ። አንዱን ስነካው «ካልገባችሁ ከታች ጻፉልኝ ወዳጆቼ!» ይለኛል። ድምፁን እዘጋዋለሁ።

የአጎቴ ስልክ ይጮኻል። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ነው፤ ስሙን አይቶ ወደ እኔ ያያል። «ምን ልበለው?»



እናቴ እጇን ትዘረጋለች። በአውራ ጣቷ ስክሪኑን ከቀኙ ዓይን ሥር ትጠርጋለች፣ ከዚያም ከግራው ሥር፤ በቀስታ፣ እንዳያማት ተጠንቅቃ።

«አይዞሽ» ትላለች። «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ።»

እህቴን ሆስፒታል ካስገባንበት ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስክሪኑን እያየች ነው፤ ዓይኖቹ ግን የእኔ ናቸው። እኔ ትከሻዋ ሥር ቁጭ ብዬ እጄን ከማውዙ ላይ አነሳለሁ።