ካልበላሽ ይመጣል

በኮሮና ሰበብ አውቶቡሶች ከቆሙ ወዲህ፣ እናት አያ ጅቦን ትታ ልጇን በበሽታው ማስፈራራት ጀመረች። በፊት ለአንዲት ጉርሻ ግቢውን ሙሉ የምታስሮጣት ፌቨን፣ «ካልበላሽ ኮሮና ይመጣል!» ስትባል ሽሮዋን ጥርግ አድርጋ ትበላለች። አገር አቋራጭ ሹፌር የሆነው አባቷም ሥራ ፈትቶ አጠገቧ ቁጭ ይልና፣ «ይሄስ የተባረከ በሽታ ነው!» እያለ ያጎርሳታል።

መንገድ የተከፈተ ዕለት አባት አውቶቡሱን ይዞ ወደ ጎንደር ወጣ። ልጅቷ ቁርስ እንቢ፣ ምሳም እንቢ አለች። ሲመሻሽ እናት ጨነቃት።

«ፌቭዬ፣ በሞቴ አንዴ ብቻ!»

«አልፈልግም።»

«ዋ! ኮሮና ይመጣብሻል!»

ልጅቷ ሳህኑን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወደ በሩ ዞረች።

«ይምጣ! እሱ ሲመጣ አይደል አባቢ ቤት የሚውለው?»