እርሳስ ከኮርቻ አይወርድም

«መጣ፣ ግን በእግሩ ነው» ይላል ጎረቤታችን፣ የጭነት መኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ።

ሕዝቡ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ባልዲዬን ይዤ የፈረሶቹ የልብ ምት ከሚለካበት የገመድ አጥር አጠገብ ቆሜያለሁ። ባሌ ኦሮዝበክ ባዝራችንን ቱማርን በዛቧ ይዞ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ቁልቁለቱን እየሮጠ ይወርዳል። ሰማንያ ኪሎ ሜትር የጋለበ ሳይሆን ላም የጠፋበት ሰው ነው የሚመስለው።

«ተራ ገብተዋል መሰለኝ፤ አሁን የመጋለቡ ተራ የፈረሷ ነው» ይላል አንዱ ቁሚሱን፣ የኮመጠጠ የፈረስ ወተቱን፣ እየጠጣ። ደግሞ ይሳቃል።

ጠዋት ጋላቢው ሁሉ ከነኮርቻው ሚዛን ላይ ወጥቷል። ከሰባ አምስት ኪሎ የጎደለ ይሞላል። ንያዝ የሚባለው ቀጫጫ የኮርቻውን ከረጢት በእርሳስ ብረት ጠቀጠቀ። ባሌ ሲወጣ ሚዛኑ መቶን አለፈ። ለጎደለው ይጨመራል፤ ከተረፈው ግን የሚቀንስ የለም። «ይኼ ፍርድ ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሚዛን ያዡ «ቁርሱን ቀንሺለት» አለኝ።

የባሌ ታላቅ ወንድም አጠገቤ ናቸው። እኛ ዘንድ ምራት ስማቸውን አትጠራም፤ እኔ በሆዴ ጢሞ እላቸዋለሁ። ቱማር ከአባታቸው መንጋ ናት፣ ቃሉም የታላቅ ነው። ትናንት እራት ላይ ቆርጠው ተናገሩ፤ ባሌ ዛሬ ካላሸነፈ ባዝራዋ ቀለል ላለው ለንያዝ ትሰጣለች፣ ባሌም ከዚህ በኋላ አይጋልብም። ባሌ ያቺን ፈረስ ስትወለድ በገዛ እጁ ስቦ ነው ያወጣት። እራቱን ትቶ ወጣ። እሱ እራት ሲተው አይቼ አላውቅም።

ንያዝ ቀድሞ ገብቷል። ነገር ግን በዚህ ግልቢያ መቅደም ብቻ አያሸንፍም፤ ልቡ በጊዜ ያልረጋ ፈረስ ይሰረዛል። የንያዝ ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ጎኑ ይመታል። የፈረስ ሐኪሟ ደጋግማ አዳመጠችው፣ ራሷንም ነቀነቀች። የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።

ባሌ መስመሩ ጋ ሲደርስ እያቃሰተ ወደ ኮርቻው ይወጣና ተቀምጦ ያልፋል። ወዲያው ይወርዳል። እኔ ውሃውን አንገቷ ላይ ቸለስ አደርጋለሁ።

«ይኼማ ማጭበርበር ነው» ይላል የንያዝ አጎት፣ ገመዱን ተሻግሮ። «የኔ ልጅ ክብደቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭኖ ነው የጋለበው። ይኼ ቁልቁለቱን ሁሉ ባዶዋን ነው ያስወረዳት።»

«አንተስ እርሳስህን ውረድ ብትለው ማን ከለከለህ?» እለዋለሁ።

ጢሞ በዓይናቸው ይቆጡኛል። በታላላቆች ፊት የምራት ድምፅ እንዲህ አይወጣም። ወጥቷል እንግዲህ፣ ምን ላድርገው።

«አትውረዱ የሚል ደንብ የለም» ትላለች ሐኪሟ፣ ማዳመጫዋን ቱማር ደረት ላይ እንዳደረገች። «መስመሩን ተቀምጦ ማለፍ ነው፣ አልፏል። አሁን ዝም በሉ፣ ልብ እየሰማሁ ነው።»

የኔን ልብ ብትሰማው ኖሮ እኔኑ በሰረዘችኝ። ቱማር የባሌን ኪስ ታሸታለች፤ ደረቅ አይብ እንደማይጠፋው ታውቃለች።

«ሃምሳ ስድስት» ትላለች ሐኪሟ። «የጤነኛ ልብ ነው።» ወደ ንያዝ ፈረስ ትዞርና ለመጨረሻ ጊዜ ታዳምጠዋለች። «ይኼ ከውድድሩ ወጥቷል። አንደኛ ቱማር ናት።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያ ቁሚስ ጠጪ ሳይቀር ቆቡን ወደ ላይ ይወረውራል። ንያዝ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ መጥቶ የባሌን እጅ ይጨብጣል። ከዚያም ወደ ፈረሱ ተመልሶ ያን እርሳስ ያወርድለት ጀመር።

ባሌ ሣሩ ላይ ተዘርፍጦ ቦቲውን ለማውለቅ ይታገላል። እኔ ልረዳው ጎንበስ ስል ጢሞ በእጃቸው ይመልሱኛል። ቦቲዎቹን ራሳቸው ይስባሉ። ካልሲው በደም ርሷል። ባልዲዬንም ይወስዱታል።

እኛ ዘንድ ውሃ የሚያፈስ ታናሽ ነው፣ ለታላቁ።

«ባይኬ፣ ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ይተዉ፣ ሰው ያያል» ይላል ባሌ እግሩን ሊሰበስብ እየሞከረ።

«ሰው ይይ» ይላሉ ታላቁ፣ ተንበርክከው ውሃውን ቀስ አድርገው እያፈሰሱ። «እግርህን ስጠኝ። ለሚቀጥለው ግልቢያ ይኼ ጫማ አይሆንህም፤ ሰፋ ያለ እናሰፋልሃለን።»