ስምንተኛው አባል

እናንተዬ፣ እስቲ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ሰፈራቸው ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተኑ ሰባት የማርያም ጽዋ ማኅበርተኞች፣ በስልክ የሚገናኙበት አፕ ሲያማርጡ ሰነበቱ። ይሄኛው ቁጥር ያሳያል፣ ያኛው ባዳ ያስገባል እያሉ ጥለው፣ የማኅበሩ ሙሴ ካላስገባች ማንም የማይገባበትን መረጡ።

አንዷ ማኅበርተኛ እሱን አምና ምስጢሯን አወጣች። ልጇ እገድልሻለሁ ካላት ባሏ ሸሽታ የተደበቀችበትን ከተማ ሳይቀር ጻፈች። ከላከችው በኋላ ዝርዝሩን ብታየው አባላቱ ስምንት ናቸው። ስምንተኛው ስምም ፎቶም የለውም፤ መልእክቱን ግን አንብቦታል።

በቃ፣ ባልየው ነው ብላ ሙሴዋ ጋ ደወለች።

«እትዬ ውድነሽ፣ ስምንተኛው ማነው? ልጄን በገዛ እጄ አሳረድኳት።»

«ኧረ ተረጋጊ እቴ። በሁለተኛው ሲም ካርዴ እኔ ነኝ ያስገባኋት። ማኅበራችን ያለ እመቤታችን ተቀምጦ ያውቃል? ስሟን ስልክ ላይ መጻፍ ፈርቼ ተውኩት እንጂ፣ የምትጽፉትን ሁሉ እየከፈትኩ አነብላታለሁ።»

ባልየው ግን አሁንም ልጅቷን እየፈለገ ነው። እባካችሁ፣ ስትጸልዩ አስቧት፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው።