የቦጋለች ችካሎች

ከሱዳን ጠረፍ እስከ አፋር አገሩን የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ከንፋስ መውጫ ወዲያ ሊሰፋ ሆነ። መሐንዲሱ ሰኞ መጥቶ ዐሥራ ሁለት ቀይ ችካል ተከለና ደብረ ታቦር ወረደ። ችካል እንዲጠብቅ የተቀጠረው ምስጋናው ማክሰኞ ማለዳ ሲደርስ ዐሥራ ሁለቱም በቦጋለች ገብስ መሃል ተንጋደው ቆመዋል።

«የሷ ሥራ ነው» አለው የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታው። «ጎህ ሲቀድ መዶሻ ይዛ ስትታገላቸው ታይታለች። ሌላ መሬት የላትማ!»

ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ባል ለሞተባት ሴት የዓመት ቀለቧ እሱው ነው። ምስጋናው አዘነላት፤ ግን ለእሱም ሥራው እንጀራው ነውና ችካሎቹን እዚያው አቃንቶ በድንጋይ አጠበቃቸው።

ቦጋለች መጣች። ያን የደረሰ ገብስ ራሷ እየረገጠች አልፋ ከማሳው ወዲያ ያለው እሾሃም ጠፍ ላይ ቆመች። ንዴት ሰው ያሳብዳል፣ አለ ምስጋናው በልቡ።

«እማማ፣ ችካሉን ነክተዋል?»

«ነክቻለሁ! የምታስር ከሆነ እጄ ይኸውልህ።»

«ካሳ ይሰጥዎታል እኮ።»

«ካሳህን ለሚፈልገው ስጥ። በዚህ መኪና አያልፍም!»

ፈንታው ሳቀ። «ቦጋለች፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ሰማዩንም አላርስ፣ ንጉሡንም አልከስ። ከዚህ ግን ንቅንቅ አልልም!»

ሦስት ቀን ሙሉ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እዚያው ጠፍ ላይ ዋለች። ስድብም ልመናም አልሠራባትም። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አልገጠመኝም እያለ ምስጋናው ውሃ ያመላልስላት ጀመር።

ዓርብ ዶዘሩ መጣ። ካቦው በችካሉ እየመራ ገብሱን ከነሥሩ አስገለበጠው። የመንደሩ ሴቶች እንባቸው ወረደ። ቦጋለች ግን አንገቷን ቀና አድርጋ እስከ መጨረሻው አየች፤ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም።

መሐንዲሱ ከደብረ ታቦር ሲመለስ መንገዱ ተቆርጦ አልቋል። መለኪያውን አየ፤ ደግሞ አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማነው ችካሉን ገብስ ውስጥ የተከለው? የኔ መስመር እኮ በጠፉ ላይ ነበር!»

«እኔ ነኝ» አለች ቦጋለች ከጠፉ ላይ ሆና። «ክርስትና ሳይነሱ የሞቱት ሁለት ልጆቼ እዚህ ናቸው።»