አንድ ጥሪ ለውባለም

የስብዕና መታወክን የሚያስታግሰውን አምባር ካሰረች ወዲህ፣ ትርሲት ተናዳ ዕቃ ወርውራ አታውቅም። የምትፈራው ግን ሌላ ነበር፤ አምባሩ ለውባለም ያላትን ፍቅር እንደ ሕመም ቆጥሮ ቢያጠፋውስ?

ውባለም ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣ፣ አርፍዳ ገባች።

«አንዴም አልደወልሽም» አለች ቅር ብሏት። «ድሮ ሳረፍድ ስልኬን እረፍት ትነሺው ነበር።»

«አልፈራሁማ። ትመጣለች ብዬ ተቀመጥኩ።»

«አምባሩ አንዷን ጥሪ እንኳ ቢተውልኝ ምን ነበረበት?»

ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። ልቧ እንደተዋወቁበት የመጀመሪያ ቀን ዘለለ። ሕመም ሲያገኝ የሚነዝረው አምባር ጭጭ ብሏል።

ሳቋ አመለጣት። ተናዳ ወርውራ እንዳትሰብር ብለው ለዓመታት በፕላስቲክ ኩባያ የጠጡትን ሻይ በአዲስ ብርጭቆ ቀዳችላት። ከዚያ ስልኳን አንስታ፣ ፊት ለፊቷ ለተቀመጠችው ውባለም ደወለች።

«የት ነሽ?»